የአእምሮ ሕመምተኛ ቃሉ ይደመጣልን?

ሰው በታመመ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሕመምተኛው ራሱ ነው። እግሩ የተሰበረውን «የቱ ላይ ነው የሚያምህ?» ይሉታል፤ ወባ የያዘውንም «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። አእምሮው የታመመው ሰው ግን ብቻውን ከዚህ ሥርዓት የወጣ ነው። ስለ እርሱ እናቱ ትጠየቃለች፤ ጎረቤቱ ይጠየቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠንቋይ ይጠየቃል። እርሱ በመካከል ተቀምጦ፥ በገበያ እንደሚሸጥ በሬ፥ ስለ ራሱ ሲነገር ይሰማል። አንዲት ቃል ቢጨምርም «የዕብድ ነገር ነው» ብለው ይተዉታል።

እንግዲህ ዛሬ ለአንባቢ ላቀርበው የወደድሁት ጥያቄ ይህ ነው። አእምሮው የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ የሚናገረው ቃል እንደ ምስክር ቃል ሊቈጠር ይገባዋልን ወይስ አይገባውም?

ይህን የምጽፍ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚህ ደዌ ጋር የኖርሁ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት በዋግ ነው፤ ቅኔ የተማርሁትም በዋድላ ነው። ስለ ሌላ ሰው ሕመም ብጽፍ ኖሮ ያው ከላይ የነቀፍሁት ነገር ይሆንብኝ ነበርና ስለ ራሴ መናገር ግድ ሆነብኝ።

ደዌዬ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነው። የማለዳው ደወል ሲደወል እሰማለሁ፤ ነገር ግን እግሬን ከመደቡ ማውረድ ያቅተኛል። ዳዊት ከፍቼ አንዱን መስመር ሰባት ጊዜ ብደግመው ከዓይኔ አልፎ ከልቤ አይገባም። ልጄ ስትስቅ አያለሁ፤ ሳቅዋ ከወንዝ ማዶ እንደሚጮኽ ሰው ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ብዙዎች ይህን ኀዘን ይሉታል፤ ኀዘን ግን አይደለም። ኀዘንተኛ የሚያለቅስለት ነገር አለው፤ እኔ ግን ልቅሶውም ራሱ ይርቀኝ ነበር።

ሁለተኛው መልክ እሳት ነው። እንቅልፍ ይሸሻል፤ በሦስት ሌሊት ሁለት ሰዓት ብተኛ ነው። ቃል ሁሉ በር ይከፍታል። የዶሮ ጩኸት፥ የአጥሩ ድንጋይ አደራደር፥ በመንገድ የሚያልፍ አህያ፥ ሁሉ ለእኔ የተላከ ምሥጢር ይሆናል። ቅኔ በአንድ ሌሊት ሠላሳም አርባም እዘርፋለሁ። ይህ እየበረታ ሲሄድ ከግድግዳው ማዶ በክርስትና ስሜ የሚጠራኝ ድምፅ እሰማለሁ፤ ድምፁም እንደ ሰው ድምፅ የጠራ ነው። ሐኪሞች ለዚህ ሁሉ ስም አላቸው፤ ሁለት ጫፍ ያለውን ደዌ ባይፖላር ይሉታል፥ የድንጋዩን ወራት ድባቴ ይሉታል። ስሙን የሰማሁት ከታመምሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በሰማሁም ጊዜ ደስ አለኝ። ስም ያለው ነገር ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ያየው ነገር ነውና።

በአገሬ ግን ሌላ ስም ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። የቅኔ ተማሪ ሲታመም «አብሾው ተነሣበት» ይባላል። አብሾ ልብ ያበራል፥ ትምህርት ያስይዛል እየተባለ ተማሪዎች ይጠጡታል የሚባለው መድኃኒት ነው። እኔ አልጠጣሁም። አልጠጣሁም ብዬ ብናገርም አብሾ የጠጣ ሰው እንደዚሁ ይላል ተባልሁ። ከዚያ በኋላ ጥሩ ቅኔ ስቀኝ «አብሾው ነው» ይሉ ነበር፤ ዝም ብልም «አብሾው ነው» ይሉ ነበር። ሰው በዝምታውም በንግግሩም አንድ ፍርድ ከተፈረደበት ምን ቀረው?

በቅኔ ቤት ያደገ አንባቢ የሚያውቀውን አንድ ነገር እዚህ ላንሣ። ጀማሪ ተማሪ መምህሩ ቅኔ ሲነግሩት ሰሙን ሳይዝ ወደ ወርቁ ይሮጣል። አገባቡን አልመረመረም፤ ቃሉ በፊት በሩ ምን እንዳለ አልሰማም፤ ነገር ግን የተሰወረውን ምሥጢር አገኘሁ ብሎ ይጮኻል። መምህሩም «ሰሙን ንገረኝ» ብለው ይመልሱታል። ሰሙን ያልያዘ ሰው ያገኘው ወርቅ የራሱ እንጂ የቅኔው አይደለም።

በአእምሮ ሕመምተኛ ፊት ሁላችን እንደዚያ ጀማሪ ሆነን እንታያለን። «ቡዳ በላው፤ ዛር ሰፈረበት፤ የአባቱ ኃጢአት ነው፤ ዓይነ ጥላ ነው» እያልን የተሰወረውን እንቈፍራለን። ሰሙ ግን በግልጽ ተቀምጧል፤ ሰውዬው አራት ሌሊት አልተኛም፥ አልበላም፥ ፈርቷል። ይህን የሚነግረን እርሱ ራሱ ነው፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። አጋንንት የሉም ማለቴ አይደለም፤ ያን የሚል የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። እኔ የምለው ከወርቁ በፊት ሰሙ ይሰማ ነው።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መሞትን እንደ ለመነ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 19 ተጽፏል። ክትክታ በእኛ ኮረብታ የምናውቀው ዛፍ ነውና ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ነቢዩን የማየው በዋግ ዳገት ላይ ነው። እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው፤ ይህ ከሆነ ገና ብዙ ቀን አላለፈም። መልአኩ መጥቶ ምን አደረገ? አልገሠጸውም፤ እምነትህ ወዴት ሄደ አላለውም። እንጎቻና ውኃ በራሱ አጠገብ አኖረለት። በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደገና አበላው። ጥያቄው የመጣው በኋላ ነው፤ እርሱም በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚል ጥያቄ ነበረ። ኤልያስም ልቡ ያለውን ሁሉ ተናገረ፤ ያንኑ ንግግር ሁለት ጊዜ ደገመው፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ጊዜ ሰማው። እኔም መሞትን የተመኘሁባቸው ወራት ነበሩ። በዚያ ጊዜ የጠቀመኝ ምክር አልነበረም። እኅቴ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥዋን ትፈትል ነበር፤ የልቤን ስነግራትም አትደነግጥም ነበር።

በጌርጌሴኖን አገር የነበረውንም ሰው እናስበው። ጌታ ከመምጣቱ በፊት የአገሩ ሰዎች ሰንሰለትና እግር ብረት ሞክረው ነበር፤ ሁለቱንም ሰበራቸው። ጌታ ስሙን መጠየቁን አንሥቼ ልከራከርበት እችል ነበር፤ ዳሩ ግን ጥያቄው ለጋኔኑ ነው የሚል ይኖራልና እተወዋለሁ። የታሪኩ መጨረሻ ግን ክርክር የለበትም። ሰውዬው ከዳነ በኋላ ልከተልህ አለ፤ ጌታም ወደ ቤትህ ሄደህ የሆነልህን ለወገኖችህ ተናገር አለው። ትናንት ቃሉ የማይሰማ የነበረው ሰው ለዐሥሩ ከተማ ምስክር ሆነ። የአገሩ ሰዎች ደግሞ የፈሩት ሲጮኽ ሳይሆን ልብሱን ለብሶ በጸጥታ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በአዲስ አበባ በመንገድ የወደቁ የአእምሮ ሕሙማንን የሚሰበስበው ማኅበር ጌርጌሴኖን ተብሎ በዚያ አገር ስም መጠራቱ መልካም አሰያየም ነው።

አንባቢ ግን እንዲህ ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል፤ «የታመመው ሰው የሚናገረው ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው፤ ታዲያ እንዴት አምነዋለሁ?» ክርክሩ ብርቱ ነው። በእሳቱ ወራት ጎረቤቴ በጠላዬ መርዝ እንደ ጨመረ ደዌው ነግሮኝ ነበር፤ እኔም ለሰው ሁሉ ተናገርሁ። ጎረቤቴ ንጹሕ ሰው ነው። እንግዲህ ቃሌ ይታመን ቢባል ንጹሕ ሰው ይከሰስ ነበር።

ነገር ግን ያን ቃል ከፍለን እንመልከተው። «ጎረቤቴ መርዝ ጨመረብኝ» በማለት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ስለ ጎረቤቴ ነው፤ እርሱ ሐሰት ነው። ሁለተኛው ስለ እኔ ነው፤ ፈርቻለሁ፥ ምግብ መቅመስ አልቻልሁም፥ ቤቴ ቤት አልሆነኝም የሚል ነው፤ እርሱ እውነት ነው። ዳኛ ምስክርን የሚቀበለው ባየው ነገር ነው። ሕመምተኛው ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው ሊያየው የማይችለውን አንድ ነገር አይቷል፤ እርሱም ከውስጥ የሆነበትን ነው። ለዚያ ነገር ሌላ ምስክር ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ መስማትና መታዘዝ አንድ አይደሉም። የሰማኝ ሰው ጎረቤቴን ይክሰስልኝ አላልሁም፤ ጠላውን ከእኔ በፊት ቀምሶ ቢሰጠኝ ግን እጠጣው ነበር። ባለቤቴ ያደረገችው ይህን ነው።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር አስቸጋሪ ቦታ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 342 የሚያዝዘውን ያነበበ ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ነዋሪው ከ2000 ሰው በታች በሆነበት ቀበሌ፥ አንድን ሰው ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁት ከሆነ፥ ስለዚሁም እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የከለከሉት ከሆነ፥ ዕብደቱ በግልጽ የታወቀ ሆኖ ይቈጠራል። የሕጉ ዐሳብ ሕመምተኛውን መጠበቅ ነው፤ ታሞ ሳለ መሬቱን በርካሽ የሸጠ ሰው ውሉን ሊያፈርስ ይችላልና። ዳሩ ግን ወደ ገጠሩ ሄደን ብናየው፥ ሰንሰለቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ታስሯልና ዕብድ ነው፤ ዕብድ ነውና ቃሉ አይጸናም፤ ቃሉ አይጸናምና ለምን እንደ ታሰረ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ የሚያስሩትን ሰዎች እንደ ጨካኞች መቍጠር አይገባም። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ ስለዚህ ነገር ተመራማሪዎች ሕሙማኑንና ቤተ ሰባቸውን ጠይቀው በ2009 ዓ.ም. ጥናት አውጥተዋል፤ ሰንሰለቱን የሚያሥሩት እጆች እያለቀሱ እንደሚያስሩ ከዚያ ይታወቃል። ልጁ በሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ፥ ሰው እንዳይመታ፥ እርሱም በሰው እንዳይመታ ይፈራሉ፤ የሚረዳቸውም የለም። የዋግ እናት ደግሞ ልጅዋን ወደ ሐኪም ታድርስ ብንል ወዴት ታደርሰዋለች? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሐኪም ቤት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን ብቸኛው ሆኖ ኖሯል። ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ልቡ የሸፈተ ልጅ ይዞ ይህን መንገድ በአውቶቡስ መሄድ ምን እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። የቦታውም ስም ስድብ ሆኗል፤ ሰውን ለማዋረድ «አማኑኤል የሚገባ» ይላሉ። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት የሆነውን ስም ለስድብ ማዋል ለምን እንደማያስፈራን አላውቅም።

በዋግ ሌላም ችግር አለ። ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም አሮጊቶች፥ ከኽምጣንጋ በቀር ሌላ ቋንቋ አይችሉም። ሐኪሙ ኽምጣንጋ አያውቅም። ስለዚህ ልጅዋ ያስተረጕምላታል። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ አንዲት እናት በኽምጣንጋ ረዘም አድርገው ሲናገሩ ሰማሁ። ሌሊት ሌሊት የሞቱት ልጆቻቸው ደጅ ቆመው እንደሚጠሯቸው፥ ሊከፍቱላቸውም እንደሚነሡ ነበር የሚናገሩት። ጐልማሳው ልጃቸው ወደ ሐኪሙ ዞሮ «ራሷን ያማታል» አለ። ሐኪሙም የራስ ምታት ኪኒን ጻፈላቸው። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፍሮ ነው። እናቲቱ ግን በዚያች ቀን ቃላቸው ሦስት ክንድ ከማይሞላ ቦታ ላይ ወድቆ ቀረ።

የእኔ የመድኃኒት ነገርም ቀላል አልነበረም። ጸበል ተጠምቄአለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ኪኒንም እውጣለሁ። ሁለቱን ምረጥ የሚሉኝ ከሁለቱም ወገን ነበሩ። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምና መድኃኒት ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጡ ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በእንጦጦ የጸበል ስፍራ አጥማቂ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው ሕሙማንን አብረው እንደሚረዱ በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ይናገራል። በቤልጅግም ጌል በምትባል ከተማ በቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን ለመዳን የሚመጡ ሕሙማን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በከተማው ሰዎች ቤት ሲያድሩ ኖረዋል፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ የተረፈውን ሕመምተኛ ጎረቤቱ ተቀበለው ማለት ነው። በእኛ ጸበል ደጅ ቤት ተከራይተው የሚቀመጡትን ሳይ ያች ከተማ ትታሰበኛለች።

መድኃኒቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህንም ልሰውር አልወድም። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ቁም ጽሕፈት እንደ ድሮው አልጽፍም። በእሳቱ ሌሊት ይጐርፍ የነበረው ቅኔም ቀነሰ። እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ ስጦታህን ሸጠህ ጤና ገዛህን?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ለብዙ ዘመን አብሮኝ ኖረ። በእሳቱ ሌሊት የተቀኘሁትን በብርሃን ስመረምረው ከአርባው ሠላሳ አምስቱ ወርቅ የሌለው ሰም ነው፤ ቤቱ ይመታል፥ ምሥጢር ግን የለውም። ሦስቱ መካከለኛ ናቸው። ሁለቱ ግን በጤናዬ ከተቀኘሁት ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። የእኔ ናቸውን ወይስ የደዌው? ደዌው አገባብ አልተማረም፤ ዋድላም አልሄደም። ስለዚህ የእኔ ናቸው እላለሁ። የፈራሁትም የእኔ ፍርሀት ነበረ፤ ያለቀስሁትም የእኔ ልቅሶ ነበረ። «እርሱ አይደለም፤ ሕመሙ ነው» የሚሉኝ ወዳጆቼ ሊያጽናኑኝ ነው፤ ዳሩ ግን ከዕድሜዬ ግማሹን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ደርሶ ከተማዋ በተያዘች ጊዜ መድኃኒት ጠፋ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ያለኝን ኪኒን በግማሽ፥ ከዚያም በሩብ እየከፈልሁ ዋጥሁ፤ ከዚያም አለቀ። በአምስተኛው ሳምንት ድምፁ ተመለሰ። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት በሩን ዘግታ በደጃፉ ላይ አንጥፋ ተኛች፤ ስነሣ እንድትሰማኝ ነው። አላሰረችኝም። በነጋ ጊዜም ያደረገችውን ሁሉ ነገረችኝ፤ እኔም ያየሁትን ነገርኋት። ከጦርነቱ በኋላ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ወደ ሰቆጣ ከመጡት ሰዎች መካከል ሌሊት የማይተኙ፥ ቆርቆሮ ሲመታ የሚወድቁ ብዙዎችን አይቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ስሌት፥ ጦርነት ባገኛቸው አገሮች ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ከአእምሮ ሕመም አንዱ እንደሚይዘው ይናገራል። ለእነርሱ ዱቄትና ሸራ ተሰጠ፤ ይህም መልካም ነው። ሌሊት ምን ይሆንብሃል ብሎ የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነው።

ሕመምተኛው በሚታመምበት ጊዜ ቃሉ የተቀላቀለ ከሆነ፥ በጤናው ጊዜ ስለሚመጣው ሕመሙ ይጠየቅ። ያን ጊዜ ማንም «የዕብድ ቃል ነው» ሊል አይችልም። እኔ ከዚያ ክረምት በኋላ ባለቤቴንና የነፍስ አባቴን አስቀምጬ በአንድ ወረቀት አጻፍሁ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ሁለት ሌሊት ሙሉ ካልተኛሁ ሦስተኛውን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዱኝ፤ አልሄድም ብልም ውሰዱኝ፥ ይህን ያልሁት በጤናዬ ነውና። የሚወስደኝ የእኅቴ ልጅ ይሁን፤ እርሱን በእሳቱም ወራት አምነዋለሁ። በገመድ አትሰሩኝ፤ በሩን ዝጉ። ስለ ጎረቤት የምናገረውን ወደ ጎረቤት አታድርሱ፤ ስለ ራሴ የምናገረውን ግን ለሐኪሙ ሳትቀንሱ ንገሩት። በጾም ቀን መድኃኒቱን ከምግብ ጋር እንድወስድ የነፍስ አባቴ ፈቅደዋልና በዚህ አትከራከሩኝ። በሌሊት የምጽፈውን ቅኔ ዕብደት ነው ብላችሁ አታቃጥሉት፤ በሣጥን አኑሩልኝ፤ ሲሻለኝ እኔው አቃናዋለሁ።